ውጭ አገር የተመደበ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ የቤት ኪራይ አበሉን እንዴት ያገኛል?

ጀርመን፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ ወይም ጣሊያን ባለ የአሜሪካ ጦር ሰፈር የሲቪል ሥራ ሲወጣ ብዙ አመልካች መጀመሪያ የሚያየው ደመወዙን ነው። እኔ ግን ከደመወዙ በፊት የቤቱን ጉዳይ ያጣሩ እላለሁ። ኪራዩን መንግሥት ከሸፈነልዎት ደመወዝዎ ይተርፋል። ካልሸፈነልዎት ግን ያ ጥሩ የመሰለ ደመወዝ ለኪራይ ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

አበሉን ሠራተኞቹ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኤል ኪው ኤ» ይሉታል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ስለ ውጭ አገር አበሎች የሚደነግገው ሕግ ነው። ዝርዝር ደንቡን የሚያወጣው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ስቴት ዲፓርትመንት ነው። ደንቡ «ዲ ኤስ ኤስ አር» ይባላል፤ ስለ ኪራይ አበል የሚናገረው ክፍል 130 ነው። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ፔንታጎን ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ተጨማሪ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ የፔንታጎን ሠራተኛ ሁለቱንም ማየት አለበት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሲቪል ሠራተኛን ነው። ወታደሮች የራሳቸው የቤት አበል አላቸው፤ ስሙም አሠራሩም ሌላ ነው። ወታደር ጓደኛዎ «እኔ ይህን ያህል አገኛለሁ» ቢልዎት ለእርስዎ አይሠራም።

1. መጀመሪያ መብቱ እንዳለዎት ያረጋግጡ

ሰው ብዙ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አበሉ ውጭ አገር ለሚሠራ ሁሉ የሚታደል አይደለም። የፔንታጎን መመሪያ ራሱ እነዚህ አበሎች የደመወዝ ማሟያ እንዳልሆኑ በግልጽ ይናገራል። የታሰቡት አሜሪካ የሚኖር ሰው ቤቱን ትቶ ውጭ አገር ሄዶ እንዲሠራ ለማበረታታት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ሲቀጠሩ የት ነበሩ?» የሚለው ነው።

አሜሪካ እየኖሩ አመልክተው፣ እዚያው ተመርጠው ከሄዱ ነገሩ ቀላል ነው። በአብዛኛው መብቱ አለዎት።

ውጭ አገር እያሉ ከተቀጠሩ ግን ነገሩ ይከብዳል። ደንቡ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በዚያ ቦታ የሚኖሩት በመንግሥት ሥራ ምክንያት መሆኑ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ከአሜሪካ ያመጣዎት ቀጣሪ መኖር አለበት። ይህ ቀጣሪ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ወይም ጦሩ፣ የአሜሪካ ድርጅት፣ አሜሪካ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ ተቋም ወይም የውጭ መንግሥት ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀጣሪ ዘንድ ሳያቋርጡ መሥራትዎና ወደ አሜሪካ የሚመልስዎ የጉዞ ወጪ የተጠበቀልዎት መሆኑ በሰነድ መታየት አለበት።

በዚህ መሠረት ለሽርሽር ወይም ለትምህርት ሄዶ እዚያው ሥራ ያገኘ ሰው አበሉን አያገኝም። የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ ሄዶ እዚያ የተቀጠረም እንዲሁ።

አስቸጋሪው ደግሞ ይህ ነው። አንድ ሰው ከጦሩ ጀርመን ውስጥ ተሰናበተ እንበል። ከዚያ ለመንግሥት በውል በሚሠራ አንድ የግል ኩባንያ (ኮንትራክተር) ጥቂት ጊዜ ሠራ። ከዚያ የመንግሥት ሲቪል ሥራ አገኘ። ለአብዛኛው ሰው ይህ ያልተቋረጠ ሥራ ይመስላል። የፌደራል ሠራተኞችን ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት ኦ ፒ ኤም ግን ከመንግሥት ሥራው በፊት ከአሜሪካ ያመጣዎት ቀጣሪ አንድ ብቻ መሆን አለበት ብሎ ደንቡን ተርጉሞታል። በመሀል ሌላ ቀጣሪ ከገባ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው። ታሪክዎ ይህን የሚመስል ከሆነ የሥራ ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት በግልጽ ያስወስኑ።

ቦታውንም ያጣሩ። ሃዋይ፣ ጓምና ፖርቶ ሪኮ ሩቅ ቢሆኑም በዚህ ደንብ ውጭ አገር አይባሉም። እዚያ ይህ አበል የለም። በኤምባሲ ለሚሠሩም ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያቀርበው ራሱ መንግሥት ነው። ቤት ከተሰጠዎት የኪራይ አበል አይከፈልዎትም።

2. መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ

የሥራ ማስታወቂያው «የኪራይ አበል ሊፈቀድ ይችላል» ቢል ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የሰው ኃይል ክፍሉ የእርስዎን የሥራ ታሪክ አይቶ ውሳኔ መስጠት አለበት። ውሳኔው በስልክ ከተነገረዎት በኢሜይል እንዲደግሙልዎት ይጠይቁ። የጠየቁበትንም፣ የሞሉትን መጠይቅም፣ የሥራ ግብዣ ደብዳቤውንም፣ የጉዞ ትእዛዙንም አንድ ላይ ያስቀምጡ። ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ውጭ በራስዎ ዘንድ ቅጂ ይኑርዎት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፔንታጎን ባደረገው ማጣራት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አበሉን ሲቀበሉ የቆዩት ያለ አግባብ ነው ተባለ። አብዛኞቹ ውጭ አገር እያሉ የተቀጠሩ ነበሩ። የሰው ኃይል ክፍሉ ራሱ ፈቅዶላቸው፣ በየሁለት ሳምንቱ ሲከፈላቸው ኖረው በድንገት የዕዳ ደብዳቤ ደረሳቸው። የዓመታት ኪራይ ሲደመር ስንት እንደሚሆን መገመት አያቅትም። በኋላ ዕዳው እንዲሰረዝ የሚጠየቅበት መንገድ ተከፈተ። ግን እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ተጨንቋል።

ሰው «የነገሩኝን አምኜ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሕጉ ግን በዚህ ላይ ጠንካራ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በሰጠው ውሳኔ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የተሳሳተ ምክር ቢሰጥም ሕግ ያልፈቀደው ገንዘብ ከመንግሥት ካዝና አይወጣም ብሏል። ስለዚህ በጽሑፍ ያለ መልስ ብቻውን መብት አይፈጥርልዎትም። ግን ቅን ልቦና እንደነበርዎት ያሳያል። ዕዳ እንዲሰረዝልዎት በሚጠይቁበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያም በላይ ውሳኔውን የሚጽፍ ሰው ደንቡን ገልጦ ማየቱ አይቀርም።

3. ጣሪያዎን ይወቁ

አበሉ ሙሉ ገንዘብ ሆኖ በእጅ የሚሰጥ አይደለም። የሚከፈልዎት ያወጡት እውነተኛ ወጪ ነው፤ እሱም እስከ ተወሰነው ጣሪያ ድረስ። ቤቱ ከጣሪያው ቢረክስ ልዩነቱ የእርስዎ አይሆንም። ቢወደድ ደግሞ ትርፉን ከኪስዎ ይከፍላሉ።

ጣሪያውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። እነሱም የተመደቡበት ከተማ፣ የሥራ ደረጃዎ እና የቤተሰብዎ ብዛት ናቸው። «ጂ ኤስ» በሚባለው የፌደራል ሲቪል ሠራተኞች የደረጃ መሰላል ላይ 14 እና 15 በአንድ ምድብ፣ ከ10 እስከ 13 በሌላ፣ 9 እና ከዚያ በታች ደግሞ በሦስተኛ ምድብ ይገባሉ። ለእያንዳንዱ ምድብ «ከቤተሰብ ጋር» እና «ያለ ቤተሰብ» የሚል ሁለት ዋጋ አለ። «ከቤተሰብ ጋር» የሚለው የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። ሦስት ወይም አራት ከሆናችሁ 10 በመቶ፣ አምስት ወይም ስድስት ከሆናችሁ 20 በመቶ፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ 30 በመቶ ይጨመራል።

ሠንጠረዡ በስቴት ዲፓርትመንት የአበሎች ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። በየጊዜው ስለሚታደስ የሚያዩት ገጽ የትኛው ቀን እንደሆነ ልብ ይበሉ። ከከተማው ስም አጠገብ ያለውን የግርጌ ማስታወሻም ያንብቡ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የእርስዎ ምድብ «ከቤተሰብ ጋር» ጣሪያ በዓመት 36,000 ዶላር ነው እንበል። አራት ስለሆናችሁ 10 በመቶ ሲጨመር 39,600 ይሆናል። ኪራይዎ በዓመት 30,000፣ መብራት፣ ውሃና ማሞቂያ 5,000 ቢሆን አበልዎ 35,000 ዶላር ነው። ይህ ለ365 ቀን ይካፈልና በ14 ይባዛል። በየሁለት ሳምንቱ 1,342 ዶላር ገደማ ይመጣል። ወጪዎ 42,000 ቢሆን ግን የሚከፈልዎት 39,600 ብቻ ነው፤ ቀሪው 2,400 በእርስዎ ላይ ነው።

ቤተሰብ የሚባለውም በደንቡ የታጠረ ነው። የትዳር ጓደኛ፣ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ይገባሉ። የእርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ ወላጅ የሚገቡት ከመተዳደሪያቸው ቢያንስ 51 በመቶውን እርስዎ የሚሸፍኑ ከሆነ ነው። እናትዎን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን በማስረጃ ያዘጋጁ። የሚልኩትን ገንዘብ፣ የሚከፍሉላቸውን ወጪ፣ የሚያገኙት ጡረታ ካለም እሱን። የአጎት ልጅ አብሮ ቢኖርም አይቆጠርም። እንዲያውም ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ኪራዩን የሚጋራዎት ከሆነ ማስከፈል የሚችሉት የእርስዎን ድርሻ ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ከሆኑ ደግሞ አንድ ኪራይ ሁለት ጊዜ አይከፈልም።

4. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

እንደደረሱ ቤት አይገኝም። ሆቴል ይያዛል። ለዚህ ሌላ አበል አለ፤ «ቲ ኪው ኤስ ኤ» ይባላል። የጊዜያዊ ማረፊያን፣ የምግብንና የልብስ ማጠቢያን ወጪ በተወሰነ ልክ ይሸፍናል። ከደረሱበት ቀን ጀምሮ እስከ 90 ቀን ይሄዳል። ከአቅምዎ በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ሊራዘም ይችላል። ግን በየ30 ቀኑ ልኩ ይቀንሳል። ስለዚህ ቤት ፍለጋውን ለሦስተኛው ወር አያቆዩት። ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ይሰብስቡ። የሆቴሉን ብቻ አይደለም።

ቋሚ ቤት ሲገቡ ይህኛው ይቆማል፤ የኪራይ አበሉ ይጀምራል። አንድን ቀን በሁለቱም ማስከፈል አይቻልም። ስለዚህ የኪራይ ውሉ የሚጀምርበት ቀንና ከሆቴል የሚወጡበት ቀን እንዲገጣጠሙ ያድርጉ። ውሉ ከመግባትዎ አሥር ቀን ቀድሞ ከጀመረ የእነዚያን ቀናት ኪራይ ራስዎ ሊከፍሉት ይችላሉ።

5. ውል ከመፈረምዎ በፊት

በብዙ የጦር ሰፈሮች የቤት ጉዳይ ቢሮ አለ። ውልዎን ያዩልዎታል፣ አከራዩን ያውቁታል፣ የአካባቢውን ዋጋም ያውቃሉ። አንዳንድ ቦታ ያለ እነሱ ፈቃድ መፈረም አይቻልም። መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ።

አበሉ ምን ምን እንደሚሸፍን በአእምሮዎ ይያዙ። ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ማሞቂያ፣ ውሃና ቆሻሻ ማንሳት ይገባሉ። የመኪና ማቆሚያ ኪራይና የቤት ዕቃ ኪራይም ሊገቡ ይችላሉ። በአገሩ ሕግ ወይም ልማድ ተከራይ የሚከፍለው የደላላ ክፍያም እንዲሁ። ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ቴሌቪዥን፣ የቤት ሠራተኛና አትክልተኛ አይገቡም። ለአከራዩ የሚያስይዙት ገንዘብ ተመላሽ ስለሆነ ከራስዎ የሚወጣ ነው። ይህን ገንዘብ ከመሄድዎ በፊት ያዘጋጁ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው በእሱ ነው።

አገሩ ሲለያይ ልማዱም ይለያያል። ጀርመን ውስጥ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ኪራይ ብዙ ጊዜ ማሞቂያንና የሕንጻ ወጪን አይጨምርም። ጠቅላላውን ይጠይቁ። ማስያዣው በሕግ ከሦስት ወር መነሻ ኪራይ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የደላላውን የሚከፍለው የቀጠረው ሰው ነው፤ ስለዚህ አከራዩ የቀጠረው ደላላ እርስዎን ሊያስከፍል አይገባም። ብዙ ቤት ያለ ኩሽና ቁም ሳጥን፣ አንዳንዴም ያለ አምፖል ይከራያል። ጃፓን ውስጥ ለአከራዩ የማይመለስ የመግቢያ ገንዘብ መስጠት የተለመደ ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በጣም ትልቅ ማስያዣ ተሰጥቶ ወርሃዊ ኪራይ የማይከፈልበት አሠራር አለ። እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብልዎት አበሉ እንዴት እንደሚያስተናግደው ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

ከጣሪያው ጋር የሚስተካከል ቤት አይያዙ። ይህ የእኔ ጠንካራ ምክር ነው። ጣሪያው በዶላር ነው፤ ኪራይዎ ግን በዩሮ ወይም በየን ሊሆን ይችላል። ዶላር ሲዳከም ያው ኪራይ በዶላር ሲቆጠር ይጨምራል። ጣሪያው እስኪስተካከል ልዩነቱን የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት። ከዚህ ሌላ የክረምት ማሞቂያ ሁልጊዜ ከተገመተው ይበልጣል። ከጣሪያው በታች ትንፋሽ የሚሰጥ ክፍተት ይተው።

በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ ያድርጉ። መንግሥት ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውርዎት በአጭር ማስጠንቀቂያ ያለ ቅጣት መውጣት እንዲችሉ የሚል። ለጦር ሰፈር ሰዎች የለመዱ አከራዮች ይህን ያውቁታል፤ አይገርማቸውም። ሲገቡም የቤቱን ሁኔታ በፎቶ ያንሱ፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብም ጭምር።

6. ቅጹን ይሙሉ

ማመልከቻው «ኤስ ኤፍ 1190» በሚባል ቅጽ ነው። ያው አንድ ቅጽ ለሌሎች የውጭ አገር አበሎችም ስለሚያገለግል የሚመለከትዎትን ክፍል ብቻ ይሙሉ። ከእሱ ጋር የተፈረመውን ውል፣ የጉዞ ትእዛዝዎን፣ የቤተሰብዎን ዝርዝርና የመብራትና የውሃ ግምትዎን ያያይዙ። ውሉ በሌላ ቋንቋ ከሆነ ትርጉሙን ይጠይቁዎታል። ግምቱን ከራስዎ አያውጡ። የቀድሞውን ተከራይ ሒሳብ አከራዩ ያሳይዎት፤ ካልሆነ የቤት ጉዳይ ቢሮው የአካባቢውን አማካይ ይሰጥዎታል።

አከራዩ የበርካታ ወራት ኪራይ በአንድ ጊዜ ከጠየቀ በአበሉ ላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ከሚመጣው አበልዎ ላይ የሚቀነስ ነው። ተቀንሶ እስኪያልቅ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ የሚገባው ያንሳልና በበጀትዎ ያስቡበት።

የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ የክፍያ ወረቀትዎን ያንብቡ። የቤተሰብ ቁጥር ትክክል ነው? ምንዛሪው? የጀመረበት ቀን? ስህተት ካለ በዚያው ሳምንት ይናገሩ። በተለይ የበዛልዎት ከሆነ። ዝም ካሉ እያደር ዕዳ ይሆናል። በነገራችን ላይ ይህ አበል ከፌደራል የገቢ ግብር ነጻ ነው። ደመወዝዎ ግን ነጻ አይደለም። ለግል ኩባንያ ውጭ አገር የሚሠሩ ሰዎች የሚያገኙት የገቢ ግብር ቅናሽ ለአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ አይሠራም።

7. ዓመቱ ሲሞላ ሒሳቡን ይዝጉ

መጀመሪያ የተከፈለዎት በግምት ነበር። አሥራ ሁለት ወር ሲሞላ እውነተኛውን ያቀርባሉ። የአሥራ ሁለት ወር የኪራይ ማስረጃ፣ የመብራት፣ የጋዝ፣ የውሃ ሒሳብ። ግምቱ ካነሰ ይጨመርልዎታል፤ ከበዛ ይመልሳሉ። የባንክ ዝውውር ማስረጃ ከእጅ በእጅ ክፍያ እጅግ ይሻላል። ለአከራይዎ ጥሬ ገንዘብ ቢሰጡ እንኳ በእያንዳንዱ ወር ደረሰኝ ያስፈርሙ።

በመሀል ነገር ከተለወጠ ዓመቱን አይጠብቁ። ልጅ ተወለደ፣ ልጅ 21 ዓመት ሞላው፣ ተፋቱ፣ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፣ ኪራዩ ጨመረ፣ ቤት ቀየሩ። እነዚህ ሁሉ አዲስ ቅጽ ይጠይቃሉ።

ቤት ለመግዛት ካሰቡ

ይቻላል። ደንቡ ከተገዛበት ዋጋ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንደ ዓመታዊ ኪራይ ይቆጥርልዎታል። እሱም እስከ 10 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መብራትና ውሃን የመሳሰለው ብቻ ይቀራል። በአንድ ቦታ የሚቆዩበት ጊዜ በራስዎ እጅ ስላልሆነ እኔ አልቸኩልም ነበር። በፔንታጎን ሥራ ውጭ አገር መቆየት በአብዛኛው አምስት ዓመት ነው የሚፈቀደው።

ሲለቁ

የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውን በውሉ መሠረት በጊዜ ይስጡ። ጀርመን ውስጥ መደበኛው ሦስት ወር ነው። ከመውጣትዎ በፊት ላሉት እስከ 30 ቀናት የጊዜያዊ ማረፊያው አበል እንደገና ሊፈቀድ ይችላል። የሚለቁበትን ቀን ለሰው ኃይል ክፍሉም ለደመወዝ ክፍሉም በጽሑፍ ያሳውቁ። አበሉ ከሄዱ በኋላ ሲገባ ከቆየ ገንዘቡን መመለስዎ አይቀርም።

ተከልክለው ውሳኔው ትክክል አይደለም ብለው ካመኑ ደግሞ መጀመሪያ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። የተጠቀሰውን የደንብ ቁጥር ይዘው ከራስዎ ሰነድ ጋር ያስተያዩ። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ኦ ፒ ኤም በይገባኛል ጥያቄ ሊሄድ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት የሚሸፍንዎት ከሆነ መንገዱ በማኅበሩ የቅሬታ ሥርዓት በኩል ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ለኦ ፒ ኤም የሚቀርብ ጥያቄ በስድስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የበዛ ክፍያ መልሱ ከተባሉ ደግሞ ዕዳው እንዲሰረዝ ማመልከት ይችላሉ። እዚያ ላይ የሚታየው ስህተቱ የማን እንደነበረና እርስዎ በቅን ልቦና መቀበልዎ ነው። በሁለተኛው እርምጃ ላይ ያስቀመጧቸው ኢሜይሎች አብረው ይቅረቡ።